የተሰፋው ንጉሥ

ልብስ ሰፊዋ ነጩን ቁልፍ በአንድ ጣቷ እየገፋች የዳማው ሰሌዳ መጨረሻ መስመር ላይ አደረሰችውና «ነገሠ!» አለች።

ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ከርሞ እሑድ ከሰዓት ቤቱን ሜዳው የሚያደርገው ባሏ ፈገግ አለ። «ይንገሥ እንጂ፣ ማን ከለከለው? ያለፈውም ነግሦ ነበር።»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር አጥንቷ ድረስ ገባች።

ዳማውን የሚጫወቱት ከስፌት ዕቃዋ በተለቀሙ የኮት ቁልፎች ነው፤ እሷ በነጭ፣ እሱ በጥቁር። ቁልፍ ደግሞ ቢገለብጡትም ያው ነውና፣ የነገሠው እንዲለይ ሌላ ቁልፍ ይደረብበታል። ከወር በፊት ተራዋ ደርሶ ስትገጥመው አንድ አንግሣ ነበር። ሾፌሩ ግን «በላሁሽ!» ብሎ በደስታ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲነርተው፣ ድርቡ ተንከባሎ ሶፋ ሥር ገባ። «የምን ንጉሥ?» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እኔ የማየው አንድ ቁልፍ ነው።» አማቷ እንዳይመሰክሩላት መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ተሸነፈች።

ያሸነፈ የሚቀጥለውን እሑድ ጨዋታ ይመርጣል፤ የቤቱ ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣው ሾፌሩ፣ የሚያሸንፈው ሾፌሩ፣ የሚመረጠውም ሁልጊዜ ዳማ። ለልጆቹ የተገዛው ሉዶ መደርደሪያው ላይ ከነላስቲኩ አራት ወሩ። ድንቡሼ የሚሏት ትንሿ ልጅ በየእሑዱ ታወርደዋለች፣ አቧራውን በቀሚሷ ትጠርገዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። አሁንም ሉዶውን እንዳቀፈች እናቷ ጎን ቆማለች።

«ድርቡን ስጠኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ።

ከበላቸው ነጫጭ ቁልፎች አንዱን ሰጣት። መዳፉ ጠረጴዛው ዳር ተጋድሞ ተራውን ይጠብቃል።

እሷ ግን አልደረበችውም። ደረቷ ላይ ሰክታ የምትውላትን መርፌ ከነክሯ ነቀለች። ሁለቱን ቁልፎች ገጠመችና ክሩን በአራቱም ቀዳዳ አመላለሰችው፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ የሚያስቸኩላት ይመስል ጣቷ አይታይም። ቋጠረች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ንጉሡን ቦታው ላይ አኖረችው።

«ኧረ ዳኛ!» ሾፌሩ ብድግ አለ። «እማዬ፣ አየሽልኝ? ንጉሥ ይሰፋል እንዴ? በየትኛው ሕግ?»

አማቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ጠረጴዛ እየነረቱ ንጉሥ የሚያወርዱበት ሕግ ካለ፣ የሚሰፉበትም አይጠፋም። ተቀመጥና ተጫወት!»

ትልቋ ልጅ ሳቋን በትራስ አፈነች።

«እሺ፣ ይሁን» አለ ሾፌሩ ተቀምጦ አንዱን ጥቁር ወደፊት እየገፋ። «ስፌት ሌላ፣ ዳማ ሌላ። እኔ ሦስት ቁልፍ አለኝ፤ አንቺ ደግሞ ንጉሥሽና አንድ ምስኪን። ነይ እንግዲህ!»

ልብስ ሰፊዋ ሰሌዳውን አየችው። ወሩን ሙሉ ሱሪ ስታሳጥር፣ ዚፕ ስትቀይር፣ እግሯ መርገጫውን እየረገጠ በሐሳቧ ስትጫወተው የከረመችው ይህንኑ ነው። ምስኪኑን ቁልፍ ወሰደችና ጥቁሩ አፍ ውስጥ ከተተችው።

«ውይ፣ ውይ!» ሾፌሩ እጁን አፋተገ። «እናታችሁን ሥራ አድክሟታል። ልጆች፣ አላየሁም ብዬ ልለፋት?»

«መብላት ግዴታ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ሕግ አውጪው አንተው ነህ።»

«ግዴታ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ!» ብሎ በላና ጠረጴዛውን በመዳፉ ጓ! አደረገው። ሰሌዳው ዘለለ። ንጉሡም ዘለለ፤ ተመልሶም አረፈ፣ ሁለቱ ቁልፍ እንደተጣበቁ።

ልብስ ሰፊዋ አሁን ቀና አለች። «ጨረስክ?»

ንጉሡን በሁለት ጣቷ ያዘች። አንዱን ዘለለች፤ ታጠፈች። ሁለተኛውን ዘለለች፤ እንደገና ታጠፈች። ሦስተኛውን። ልክ ኪስ እንደምትሰፋ፣ ማዕዘን በማዕዘን።

ሾፌሩ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ሶፋው ሥር አየ። አንዲት ጥቁር ቁልፍ እንኳ አልቀረችለትም።

«እማዬ አሸነፈች!» ድንቡሼ ከነሉዶዋ ዘለለች። ትልቋ ትራሱን ወደ ጣሪያው ወረወረችው። አማቷ ሲያጨበጭቡ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ይንሸራተታል።

«ምረጪ እንግዲህ» አለ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ለሚቀጥለው እሑድ ማለቴ ነው።»

«ገና ፀሐይ አለች» አሉ አማቷ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አንሥታ ሉዶውን ከድንቡሼ እጅ ተቀበለችና ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ልጆቹ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

ሾፌሩ ወንበሩን ሳብ አደረገ፤ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖረ። «እኔስ... የቱን ልያዝ?»

«ጥቁር የለውም፣ አባዬ» አለችው ድንቡሼ፣ እያዘነችለት።

ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ፣ ሉዶው አራት ወር ተኝቶበት አቧራ ያልነካው ያ አራት ማዕዘን ይታያል። መካከሉ ላይ ልብስ ሰፊዋ ያኖረችው የተሰፋው ንጉሥ ተቀምጧል።