ትርፍ ክብደት

አቶ ክሊፎርድ ተርሎው በየካቲት ሞቱ። መሬት አታስገቡኝ ብለው ስለነበር አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ለቤተሰብ ተሰጠ፤ ሥርዓቱ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የውድድር ክለቡ ሰዎች ጣራ በሌላቸው ትናንሽ መኪኖቻቸው ተሰልፈው መጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ስለ ሞተር አወሩ፤ ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማቪስ ከአንዲት አረንጓዴ የውድድር መኪና ጋር ብቻቸውን ቀሩ። መንዳት አይችሉም።

አቶ ክሊፎርድ በመጨረሻው ዓመታቸው መኪናዋን ለመንገድ አብቅተዋት ነበር። መብራት፣ ጡሩምባና ታርጋ ገጥመውላት፣ ምርመራውን አሳልፈዋት፣ እሑድ እሑድ በባሕሩ ዳር መንገድ ይነዷት ነበር። «ጋራዥ ውስጥ ዝገት እንዳይበላት» ብለው ነው የሞቱት።

ወይዘሮ ማቪስ ሐዘናቸውን ሰው ፊት የሚዘረግፉ ሴት አይደሉም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ምንም ሳይጎድልባት በዚያ መንገድ እንድትሄድና አንዳንዴ በደጃቸው እንድታልፍ። ማስታወቂያ አወጡ። ሁለት ገዢዎች መጡ። ሁለቱም መኪናዋን ወደዷት፤ ሁለቱም ከሴትየዋ ጋር ትንሽ አወሩና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሦስተኛው ዳንከን ፕራት ነበር።

ዳንከን የቀላል መኪና በሽተኛ ነው። በእኛ በእንግሊዟ ሊንከንሻየር እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ የማይበሱት ብረት የለም። ዳንከን ግን ባሰበት። ብሎን ሳይቀር በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናል፤ ሚስቱ ፊዮና ዱቄት ልትመዝን ስትነሣ ሚዛኑን የምታገኘው ግራሶ ተቀብቶ ነው።

«ከእኔ በፊት ሰው አይቷት ነበር?» አላቸው ተንበርክኮ ሥሯን በባትሪ እየፈተሸ።

«ሁለት ሰዎች።»

«ለምን አልገዟትም?»

«አልተስማማንም» አሉ ወይዘሮ ማቪስ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ዳንከን ነገሩ ሸተተው። ተጋጭታ አጥንቷ የተጣመመ መኪና ቀለም ተቀብታ ስትሸጥ ብዙ አይቷል። እንዲህ ያለችው በፍጥነት ላይ መሪ አልታዘዝ ብላ ሰው ትገድላለች። ከነጂው ጎን ያለውን ቦታ የሸፈነውን ስስ የአሉሚኒየም ክዳን አነሣ። ወለሉ ላይ በአራት ብሎን የታሰረ፣ ዙሪያው የተበየደ ግራጫ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የክሊፎርድ ነው።»

«አሃ፣ የክብደት ማሟያ!» በውድድር ደንብ ቀጭን ነጂ ከባድ የእርሳስ ብረት እንዲጭን ይገደዳል። «ቀጭን ነበሩ እንዴ?»

«መጨረሻ ላይ በጣም ቀጭን ነበር።»

«ለመንገድ አያስፈልግም። እንዲያውም አሁኑኑ ልፍታው።»

«አይወጣም!»

ዳንከን ደነገጠ። ሴትየዋም በራሳቸው ድምፅ ደነገጡ።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉ። «እንዳለ ይሁን። ይህን ቃል ካልሰጠኸኝ አልሸጥልህም። ደግሞ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በዚህ በኩል እለፍና ጡሩምባ ንፋልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አለቀ፤ ስብራቱ ሣጥኑ ሥር ነው አለ ዳንከን በልቡ። ሁለቱ ሰዎች ያዩት ይህንኑ ነው። ጥሎ መሄድ ነበረበት። ግን መኪናዋ በጣም ታምር ነበር፣ ዋጋዋም ቅናሽ ነበር፤ ብረት ደግሞ ይጠገናል። ቃሉን ሰጠ። ተጨባበጡ።

በማግስቱ ጧት አራቱን ብሎኖች ፈታ። ከሣጥኑ ሥር ስብራት የለም። ብየዳ የለም። ብረቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው፤ ወለሉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ዳንከን ሴትየዋን በመጠርጠሩ አፈረ።

ወደ ቦታው ሊመልሰው ብድግ አድርጎት ነበር። እጁ ግን ለምዶበት ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።

«ይሄን የሚያህል እርሳስ ሃያ ኪሎ በሆነ ነበር» አላት ፊዮናን፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ እየወዘወዘው። «አሸዋ ነው መሰለኝ የሞሉት።»

«ቃል ገብተህ የለም እንዴ?»

«ክዳኑን መልሼ እገጥመዋለሁ፤ አያዩትም። ሦስት ኪሎ እኮ ነው፣ ፊዮና!»

«ሰባት ኪሎ ቦርጭ ታቅፈህ የምን ሦስት ኪሎ ነው? መጀመሪያ እሱን አትፈታም?»

ዳንከን ሳቀ። ሣጥኑን የከተማው ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ከብረታ ብረቱ ጋር ጣለው። ሐሙስ ዕለት የጭነት መኪና መጣና ያን ሁሉ ብረት ለመጭመቂያ ጫነው።

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ፀሐይ ወጣ። ዳንከን በባሕሩ ዳር መንገድ እየነዳ ልዩነቱ ታውቆኛል ብሎ ራሱን አሳመነ። ከወይዘሮ ማቪስ ደጅ ሲደርስ ጡሩምባውን ነፋ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ወይዘሮ ማቪስ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፤ የክት ካፖርታቸውን ለብሰው ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተዋል። ምስኪን፣ ምን ያህል ብቸኝነት ቢጎዳቸው ነው ብሎ ዳንከን ከልቡ አዘነላቸው። ሞተሩን አጠፋና ለሰላምታ እጁን ዘረጋ።

እጁን አላዩትም። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞረው ወደ ማዶ ሄዱ፤ እያቃሰቱ ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን የአሉሚኒየሙ ክዳን ላይ አሳረፉ።

«ክሊፍ፣ የኔ ፍቅር፣ ባሕሩን አየኸው?» አሉ። «ሣጥኑስ አልጠበበህም?»