አስራ አንድ ያልታጠቡ ማሊያዎች

«አንቺ ኳስ ምን ታውቂያለሽ?»

ይቺ ቃል ከባሌ አፍ ከወጣች አስራ ስድስት ዓመት ሆናት። ያኔ ክለቡ ማሊያ አጣቢ አድርጎ ከቀጠረኝ ሳምንት አልሞላኝም። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት በሰው ፊት ዘጋኝ። ከዚያ ወዲህ እሷው ናት፤ አትለወጥ፣ አትሰለቸው። ዛሬ እሁድ ጠዋትም እንደ አዲስ አላት።

ትናንት ሦስት ለባዶ ተሸንፈናል። ደጋፊ ማህበሩ የሚሰበሰበው የእኔ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። የእነሱ ክፍል ጣሪያ ሲያፈስ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብለው መጥተው ይኸው አራተኛ ዓመታቸው። ሊቀመንበሩ ባሌ ነው፤ በሥራ ቀን አውቶቡስ ይነዳል። ፀጉር አስተካካዩ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥቶ እግሩን አንጠልጥሏል። ጡረታ የወጡት መምህር ያለችኝን አንድ ወንበር ይዘዋል። ሦስቱም ፊታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታምም ያደረ ሰው ፊት ነው።

«አሰልጣኙ ይሂድ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ያለፈውንም ይሂድ አልክ፣ ሄደ» አሉ መምህሩ። «የባሰ መጣ።»

«እሺ፣ ክለቡ አጥቂ ይግዛ!»

«በምን? በመቀስህ ለውጦ?»

ማንም አልሳቀም። ቀልዷን አምናም ሰምተናታል።

ባሌ ወረቀት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አሰልጣኙ ከሰዓት ሊያነጋግራቸው ቀጥሯቸዋል፤ ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት የሚለውን ጽፈው ሊሰጡት ነው። እሱም ወንበሩ እየተነቃነቀበት ስለሆነ ደጋፊ የጠላውን ተጫዋች ይዞ አይቆይም። ያቺ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰው አለቀለት።

«መጀመሪያ ሦስት ቁጥር» አለ ባሌ እየጻፈ። «ሽማግሌው ይሰናበት። ዘጠና ደቂቃ ቆይቶ ጭቃ ሳይነካው ይወጣል። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ነው የሚመስለው።»

«ታንኩን እይልኝ እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ታንኩ የሚሉት ዘጠኝ ቁጥሩን ነው። «ትናንት ከአናቱ እስከ ጥፍሩ ጭቃ! ለማሊያው የሚሞት እሱ ብቻ ነው።»

እኔ ገንዳው ላይ እንዳጎነበስኩ ነኝ። የሦስት ቁጥር ካልሲ እጄ ላይ ነው፤ ተረከዙ ላይ ደም ደርቆበት እንደ ካርቶን ቆሟል። ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት። ከዚህ ከወጣ የሚወስደው ክለብ የለም።

«ያ ሰው ይሮጣል» አልኩ።

ባሌ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። «አንቺ ኳስ ምን ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ከጨዋታ ውጪ የሚሉትን ነገር ስንቴ አስረድተውኝ አልገባኝም። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ግን የሮጠ ሰው ልብስና የወደቀ ሰው ልብስ ይለያያል። ጭቃ ከውጭ ነው፣ በአንድ ውሃ ይለቃል። ላብ ከውስጥ ነው፤ እሱ ነው ክንዴን የጨረሰው።

አልተናደድኩም። ንዴቱ ድሮ አልቆልኛል። ደከመኝ ብቻ። ቧንቧውን ዘጋሁ።

ማሊያዎቹን ከቅርጫቱ አንድ በአንድ አወጣሁና ሳላጥባቸው ገለበጥኳቸው። ውስጣቸውን ወደ ውጭ፣ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አድርጌ ገመዱ ላይ ደረደርኳቸው። አስራ አንድ።

«ሴትዮ፣ አመመሽ?» አለ ባሌ አፍንጫውን ይዞ።

«ተነስና የሠራውን ሰው ምረጥ።»

«እትዬ፣ ቁጥራቸው እኮ አይታይም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አዎ። አይታይም።»

መጀመሪያ የተነሱት መምህሩ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አንገትጌ ተጠጉት። «ይሄ ነጩ ምንድነው?»

«ጨው ነው ጋሼ። ላብ ሲደርቅ የሚተወው።»

ሌሎቹም እያንገራገሩ መጡ። ገመዱን ተከትለው ቀስ ብለው ሄዱ። አንዳንዱ ማሊያ ብብቱ ላይ ትንሽ ነጣ ብሏል። ዳር ላይ ያለው ውስጡ ልክ አርብ እንደተኮስኩት ነው። አንዱ ግን ከብብቱ እስከ ታችኛው ጠርዙ ነጭ በነጭ ሆኗል፣ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ።

ባሌ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። በጣቱ ነካው። የእሱንም ሸሚዝ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ረጅም መስመር የነዳ ቀን ጀርባው ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው። ያውቀዋል።

«ይሄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ሰው ትናንት አልቋል።»

«የታንኩ ነዋ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ባሌ ሊገለብጠው እጁን ሰደደ።

«ተው» አልኩት። «መጀመሪያ ጻፍ።»

«ምን ብዬ?»

«የዚህ ማሊያ ባለቤት ይቆይ ብለህ።»

አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ማሊያውን ዞር አደረገና ጠርዙን ገልብጦ የጀርባውን ቁጥር ገለጠ።

ሦስት።

ፀጉር አስተካካዩ ታንኩን ፍለጋ እየገለጠ እየገለጠ እስከ ዳሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ የመጨረሻውን ማሊያ፣ ዘጠኝ ቁጥርን፣ እንደያዘ ቀረ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

ባሌ አፉን ከፈተ። ጠበቅኩት። አስራ ስድስት ዓመት የለመደው አፍ ነው፤ መልሶ ዘጋውና ከላይ «ሦስት ቁጥር ይሰናበት» ያለውን ሰረዘ።

ያንን በደም የደረቀ ካልሲ ከማሊያው አጠገብ በመቆንጠጫ ሰቀልኩት። ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩበት። ገንዳው ሙሉ ነው፣ ሳሙናው እንዳለ ነው፣ እጄ ጉልበቴ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ይደርቃል።