የእንግዳ ክፍሉ መብራት

ሀምዲን እናቱ ቤት የገጠመውን መብራት ማንም አላስተማረውም። ኮምቦልቻ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ እያየ ነው የለቀመው። አምፖሎቹን ገዛ፣ የሰው እንቅስቃሴ የሚያውቁትን ትንንሽ መሣሪያዎች ገዛ፣ አንድ እሑድ ደሴ ወጥቶ መሰላል ላይ ዋለ። ፊውዝ አቃጠለ፣ ኤሌክትሪክ ነዘረው፣ ከእናቱ ጋር ተጨቃጨቀ። ወደ ማታ ግን ሠራለት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ክፍል ሲገባ መብራቱ ይበራል፤ የሚንቀሳቀስ ሲጠፋ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። የትኛው ክፍል እንደበራ ሀምዲን ኮምቦልቻ ሆኖ ስልኩ ላይ ያያል። ካሜራም ሊሰቅል ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ሸሪፋ ግን፣ «በገዛ ቤቴ ዐይን አትስቀልብኝ!» ብላ እምቢ አለች። አምፖሉንም ቢሆን ገና አላመነችውም። «ሳልነካው ይበራል እኮ! ጂን ነው እንዴ ያስገባህብኝ?» ትላለች፤ ክፍል በገባች ቁጥርም ቢስሚላህ ማለት አትተውም።

እሱም ለጨዋታ አልነበረም የደከመው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱ ብቻዋን ናት፤ ደም ግፊቷ ደግሞ አይታመንም። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት አስጠንቅቆታል። ታላቅ ወንድሙ ሙዓዊያ ጅዳ ነው። የሀምዲን ሚስት ኢስራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሐርቡ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። እናም ሀምዲን ሁልጊዜ ንጋት ላይ ሱብሂ ከሰገደ በኋላ ስልኩን ያያል። የእናቱ ክፍል ይበራል፣ ቀጥሎ ጓዳው፣ ቀጥሎ ሳሎኑ። ያን ጊዜ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሱቁን ይከፍታል።

ያን ቀን ገና ከመስገጃው ሳይነሳ ስልኩ ጮኸ። አጎቱ በሺር ናቸው።

«ሀምዲን፣ የምናረዳው ሰው አለ። ሳትዘገይ እናትህ ቤት ድረስ» አሉት።

ሙዓዊያ ከደወለ ሰንብቷል።

«ሙዓዊያ ነው? በአላህ ይንገሩኝ!»

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ታውቃለህ።»

ያውቃል። መርዶ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። እናቱ እንዴት እንደምትሆን ታየው። የበኩር ልጇ ነው፤ ይህን ሰምታ አትተርፍም።

«እኔ ሳልደርስ እንዳትነግሯት! አደራ አጎቴ፣ አላህን ይዩልኝ! በእጃችን ነው የምትቀረው!»

«ና ብቻ» ብለው አጎቱ ስልኩን ዘጉት።

ኢስራ ጋ ደወለ። ስልኳ ዝግ ነው። ሐርቡ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብሎ አሰበ። እንኳንም አላገኘኋት፣ በዚህ ሁኔታዋ እንዲህ ያለ ወሬ ባትሰማ ይሻላል አለ።

ጫማውን እያጠለቀ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤቱ ባለሱቅ ብሩ ነው፤ መኪናውን አስነስቶ መጥቷል።

«ደሴ መውጣቴ ነው፤ ግባ ልውሰድህ» አለ።

ሀምዲን አላህ የላከልኝ ነው ብሎ ገባ። ብሩ ሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ አፉ አያርፍም፤ በዚያ መብራት የተነሳ «ኢንጂነሩ» እያለ ሲያበሽቀው ነው የሚውለው። ዛሬ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። ሰው ሲያዝን ዝም ማለት ያውቅበታል አለ ሀምዲን በልቡ።

የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምሩ ስልኩን ከፈተ። የእናቱ ክፍል ጨለማ ነው። ሳሎኑ በርቷል። ጓዳው በርቷል። ከዒድ ወዲህ ማንም ገብቶበት የማያውቀው የእንግዳ ክፍልም በርቷል።

«ነግረዋታል!» ብሎ ጮኸ። «ሳልደርስ ነግረዋታል! ወድቃ እንግዳ ክፍል አስተኝተዋታል!»

«ተረጋጋ» አለ ብሩ።

«ምን ተረጋጋ ትለኛለህ? ንዳው!»

እናቱ ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ደግሞ ደወለ። መልሶ መብራቶቹን አየ። የእንግዳ ክፍሉ አልጠፋም። የተኛ ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ሥራ ይዘዋል። የተኛ ሰው ዙሪያ እንዲህ የሚያሠራ ምን ሥራ አለ?

ያወቀው መሰለው። እያጠቧት ቢሆንስ? ከፈን እየቆረጡላት ቢሆንስ? ያረቢ፣ እናቴን አትውሰድብኝ እያለ አለቀሰ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ብቻዋን የተውኳት እኔ ነኝ አለ። ብሩ መንገዱን ብቻ ያያል።

ደሴ ጉም ውጧታል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሀምዲንን ሲያዩ ሁሉም አቀረቀሩ። መኪናው ሳይቆም ዘለለ። አንዲት ሴት ባዶ ባልዲ ይዛ ከእንግዳ ክፍሉ ስትወጣ አያት።

«እማ! እማዬ የታለች?»

ሸሪፋ በገዛ እግሯ ከሳሎን ወጣች። ዐይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ግን ቆማለች፣ ትተነፍሳለች። ሀምዲን ተጠመጠመባት። ራሷን ዳሰሰ፣ እጇን ሳመ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳቅ አመለጠው። አለች! ወላሂ አለች! ከዚያ ወንድሙ ትዝ አለውና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ነገሩሽ አይደል፣ እማ? አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። እኔ...»

አጎቱ በሺርና ብሩ ከኋላው ተጠግተው ክንድና ክንዱን ያዙት።

«ሙዓዊያማ ደህና ነው፣ ልጄ» አለችው እናቱ፣ ዐይኗን ወደ እንግዳ ክፍሉ መልሳ። «ኢስራን ምጥ ጠንቶባት ሌሊት ደሴ ሆስፒታል አምጥተዋት ነበር።»