የገረባ ከሰል

የሺሃረግ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። ማንደጃው ላይ የደረደረቻቸው ድቡልቡሎች እሳት ለመሆን እምቢ ብለዋል፤ ጠርዛቸው ቀላ ይልና መልሶ ይጠቁራል። የድስቱ ውሃ እንኳን ሊፈላ ገና ለብ ማለቱ ነው።

ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ሐርጌሳ ውስጥ ከሰል የሚባል ነገር የለም። ጉድ እኮ ነው፣ ጫቱ አልጠፋም! እናም የጓዳው ጥራጊ ሁሉ ማገዶ ሆነ፤ የከሰል ትቢያው፣ የሽንኩርት ልጣጩ፣ የራሰ ወረቀቱ፣ የቤቱ ወንዶች ቅመው የጣሉት ገረባ ሳይቀር። አቡክታ በመዳፏ የምታድቦለብለው እሷ ናት። የፊተኞቹ ጣሪያ ላይ ተሰጥተው ፀሐይ ስለጠገቡ ቦግ ብለው ነደዱ። አሁን ግን ቦምብ እየዘነበ ማን አባቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል? እነዚህ የከረሙት አልጋ ሥር ነው። ገረባው ውስጡ እርጥብ ነው።

ከኋላዋ ምንጣፉ ላይ ልጇ ቤርሳቤህ ተኝታለች። ተቅማጥ አሟጧታል፤ ስታለቅስ እንኳ እንባ የላትም። ጤና ረዳቱ ባሬ ትናንት «ያልፈላ ውሃ እንዳታቀምሻት፣ ተቅማጡ ከደገማት አትችለውም» ብሏት ሄዷል። መናገርማ ይቀላል።

«እማ፣ ውሃ።»

«መጣልሽ እናቴ።» ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። ነጭ ጭስ ተትጎልጉሎ ከአጥሩ በላይ ይወጣል።

የቤቱ እመቤት ዴቃ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ እየሮጠች ትመጣለች። አማርኛዋ የድሬዳዋ ነው፣ እዚያ ነው ያደገችው። «አጥፊው አቦ! ወላሂ ታስፈጂናለሽ! የጎረቤታችንን የነጌዲን ቤት ጭስ አይተው አይደል የመቱት?»

«እትዬ ዴቃ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ትንሽ ብቻ፣ መሞቅ ጀምሯል እኮ።»

«ጓዳው ሙሉ ልጅ ነው የሺ። እኔስ እናት አይደለሁም? ያ ረቢ፣ ምን ላድርግሽ!»

ከአየር ማረፊያው በኩል አንድ ነገር ጓ ይላል። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ዴቃ እያለቀሰች አሸዋ በእፍኟ ዘግና ማንደጃው ላይ ትደፋለች። የሺሃረግ አትከለክላትም። በማን ትፍረድ?

«ውሃ» ትላለች ልጅቷ እንደገና።

የሺሃረግ ጣቷን ድስቱ ውስጥ ትነክራለች። ለብ ያለ ነው። ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት እንደ ጠበል አማትባበት በጣሳ ትቀዳለች፤ ለልጇም ታቀብላታለች።

ቤርሳቤህ ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ ከንፈሯን ትልሳለች።

«ይጣፍጣል እማ። ድገሚኝ።»