«ላክ» የምትለዋ ቁልፍ

ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ጢማቸውን የሚላጩት ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። በሌላው ቀንማ ለማን ብለው! ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ደጃቸውን የሚያንኳኳ ሰው የለም። ማክሰኞ ግን አጥኚዋ ልጅ ትመጣለች።

ልጅቷ የምትሠራው መድኃኒት በስልክ ማዘዣ መተግበሪያ በሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። አዛውንቶች ሲሞክሩት አጠገባቸው ተቀምጣ የት ላይ እንደሚደናገሩ ታያለች። መጀመሪያ ቀን ካሜራ ከያዘ ባልደረባዋ ጋር መጥታ ቅጽ አስፈረመቻቸው፤ ቁጥር የተለጠፈበትን የድርጅቱን ስልክም ሰጠቻቸው።

«የምንፈትነው ስልኩን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም» አለች። «ቢሳሳቱ ጥፋቱ የእኛ ነው። ብቻ የሚያስቡትን ሁሉ ድምፅዎን አውጥተው ይንገሩኝ።»

የሚያስቡትን የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ከመድኃኒቱ ጀምረው ስለ ባለቤታቸው እስከ ማውራት ደረሱ። ዝም ሲሉ «ከዚያስ?» ትላለች።

መጨረሻ ላይ «ላክ» የምትለዋን ቁልፍ ሳቱ። አውቀው ነው። አርባ ዓመት ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ብሎን ሲያስር የኖረ ጣት እሷን ሊስት? እንዴት ተደርጎ!

«ችግር የለም፣ ሳምንት እንሞክራለን» አለች። ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው ይስታሉ።

ከወራት ወዲህ ግን ልጅቷ ከሳች። ባልደረባዋ ቀረ፣ ካሜራው ቀረ፤ የምታስሞክራቸውም በራሷ ስልክ ሆነ። ደብተሯን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች እንጂ አትጽፍም።

«በእኔ ጦስ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው ለራሳቸው። «ሥራው አልሄድ ሲላት ሁሉን ነጠቋት። ነገ ደግሞ ያባርሯታል!» ብትቀርባቸው ያ ቤት እንዴት እንደሚጨንቅ ያውቁታል። ቢሆንም የሰው ልጅ ሥራ ከማሳጣት ብቻን መቅረት ይሻላል ብለው ቆረጡ።

ማክሰኞ ተላጭተው ጠበቋት። ስልኩን ተቀብለው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሱና «ላክ»ን ተጫኑ።

«ይኸው! ድሮም እችላለሁ። እንዳትቀሪብኝ ብዬ ዋሸሁሽ። በይ ሂጂና ለአለቃሽ ይሠራል በይው። ለእኔ አታስቢ፣ ልጄ፤ ለምጄዋለሁ።»

ልጅቷ አልተነሳችም። ምንም ያልተጻፈበትን ደብተር ከደነችው።

«አባባ» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «ጥናቱ እኮ ካለቀ ስድስት ወሩ ነው።»