ዝቅ ብላ የተመታችው ሚስማር

ብርቱካን ተንበርክካ ሚስማር ትመታለች። እናቷ ብዙነሽ ደግሞ የልጇን መቀስ መቀነቷ ውስጥ ሸሽጋ በሩ ላይ ቆማለች። የመቀሱ ጫፍ ጎኗን ይወጋታል። ይውጋት! ከዚህ የባሰ ስንቱን ችላለች።

ግን እንዲያ ዝቅ ብሎ የሚመታ ሚስማር ምን ይባላል? በዚህ ቤት ድክ ድክ የሚል ሕፃን የለ። ሌላው ሚስማር ሁሉ ከላይ፣ ይቺ አንዷ ከመስኮቱ ሥር!

"እምዬ፣ ግቢ እንጂ፤ እንደ እንግዳ በር ላይ የምትቆሚው ምን ሆነሽ ነው?"

"እዚሁ ይሻለኛል።"

ምኑን ትግባው? እስከ ቅርብ ጊዜ ጥጃ የምታስርባት ጓዳ እኮ ናት። ዛሬ ግድግዳዋ በነጭ አፈር ተለስኗል። ከአትክልት ነጋዴዎች የተለመነ የቲማቲም ሳጥን ተደራርቦ መደርደሪያ ሆኗል። የልብስ ቁልፉ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ መርፌው በወተት ጣሳ፣ ባለ ቀለም ክሩ በቆረቆንዳ ላይ ተጠቅልሎ። ብዙነሽ በቆሎው ተፈልፍሎ ቆረቆንዳው ሲነድ እንጂ እንዲህ ሲከበር አይታ አታውቅም። አሮጌ ነጠላዋ እንኳ መጋረጃ ሆናለች፣ ጥለቷን ወደ ታች አድርጋ።

ያምራል፤ አያምርም አይባልም። ብዙነሽን ያስጨነቃትም ማማሩ ነው። ያኔም ቤቱ እንዲህ አምሮ ነበር። ብርቱካን ግድግዳውን ለሰነች፣ የእናቷን ጋቢ ጣፈች፣ ሽሮና በርበሬውን አስፈጭታ በየዕቃው ከተተች፣ ለእናቷም አዲስ ቀሚስ አሰፋችላት። ከዚያ "ሐሙሲት ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብላ ወጣች። ድምጿ የተሰማው ከዐረብ አገር ነው፣ በስልክ።

እንግዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ምን ይፈረድባታል? ከተመለሰች ወዲህ ልጅቱ አርፋ ተቀምጣ አታውቅም። "ጓዳዋን ምን ልታደርጊያት ነው?" ስትባል "ቆይ፣ ሲያልቅ ታይዋለሽ" ነው መልሷ። ጎረቤቷ ዓለሚቱም፣ አፏ አያርፍ፣ "ቤት የሚያሰናዳ መንገደኛ ነው" ብላ አረፈችው። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ብዙነሽ መደቡ ላይ ጋደም ካለችበት ብንን ስትል፣ ብርቱካን በሜትር ክንዷን እየለካች ነው።

"ተኚ እምዬ፣ ዝንብ ነው" አለቻት።

ዝንብ ሜትር ይይዛል እንዴ? ለቀሚስ ነው እንጂ! የስንብት ቀሚስ። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ መቀሱን አነሳችው። ያለ መቀስ ቀሚስ አይቆረጥ፤ ቀሚስ ካልተሰፋ ልጅቱ አትሄድ። የሞኝ መላ መሆኑን ታውቃለች። ሌላ ግን ከየት ታምጣ?

ብርቱካን ትነሳለች። ነጩ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሳሉ ነገሮች አሉ፤ ብዙነሽ መጀመሪያ ስታያቸው ጠልሰም መስለዋት አማትባለች። አሁን ልጅቱ ማስመሪያውን አንስታ ረጅሙ ሥዕል ላይ ትሰቅለዋለች። ልክክ ይላል። መዶሻውንም እንዲሁ፤ ልክክ።

"እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው" ትላለች ብርቱካን። "ከተነሳ ይታወቃል።"

ብዙነሽ ክው ትላለች። ሁለት ቀለበት፣ ሁለት ስለት ያለው ሥዕል ባዶውን አፍጥጦባታል።

"መቀሴስ የት ገባ?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"እምዬ?"

ብዙነሽ ያን ጊዜ ይብስባታል። መቀሱን ከመቀነቷ መዥርጣ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች።

"አልሰጥሽም! ቀሚሱን ሰፍተሽ አልብሰሽኝ ልትሄጂ? አልፈልግም፣ ይቅርብኝ! ሁለተኛ ድምፅሽን በስልክ እየለቀምኩ አልኖርም!"

"የምን ቀሚስ?"

"ክንዴን የለካሽለት ነዋ! ቀሚስ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?"

ብርቱካን ልትስቅ ከንፈሯ ይሸሻል፤ ዓይኗ ግን እንባ ያቀርራል። መጥታ እናቷን በክንዷ ይዛ ታስገባታለች። መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ባለበት፣ የበግ አጎዛ የለበሰች ዱካ ላይ ታስቀምጣታለች።

"እስቲ እጅሽን ወደ ግድግዳው ዘርጊ። እንዳትነሺ፣ ዘርጊው ብቻ።"

"ምን ልሁን ብዬ?"

"አንቺ ደግሞ! ዘርጊው እንጂ።"

ብዙነሽ መቀሱን በግራ እጇ እንደያዘች ቀኟን ትዘረጋለች። ጣቷ ብረት ይነካል። ያቺ ዝቅ ብላ የተመታችው ሚስማር ናት። ወገቧን ሳታጥፍ፣ ትከሻዋን ሳታስጨንቅ፣ ክንዷ ልክ እዚያ ላይ ያልቃል። ከሚስማሩ በታች በከሰል ቀጭን መስመር ተስሏል፤ ወደ ጫፉ ክብ አለበት።

ጣቷን በመስመሩ ታስኬደዋለች፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ። ጣቷ ከሰል ይሆናል። ይህን ቅርጽ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሾረው ኖራለች፤ ግድግዳ ላይ ተስሎ ግን አይታው አታውቅም።

"እኔ እዚህ የቀሚስ ክፈፍ ስጠልፍ አንቺ ትፈትያለሽ ብዬ ነው" ትላለች ብርቱካን፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ። "ካልፈለግሽ እነቅለዋለሁ።"

ብዙነሽ መቀሱን ለልጇ ታቀብላለች።

"እንዝርቴ መደቡ ላይ ናት" ትላለች። "ሂጂ አምጪልኝ።"

ቀኝ እጇን ግን ከሚስማሩ ላይ አላወረደችም።