ማማሰያ ለማልታ

ካይሮ አድሮ ማልታ የሚገባው ርካሹ ትኬት በእጅ የሚያስይዘው ሰባት ኪሎ ብቻ ነበር። አሰላ ከተማ ትኬት የምትሸጠው ነቢላ የሽማግሌውን ሻንጣ ብትመዝነው ከሰባት ኪሎ አለፈ። ከፍታ ስታይ የበቆጂ ገብስ ዱቄት፣ ኮትና የገንፎ ማማሰያ አገኘች። ልጃቸው ማልታ ልትወልድ ነበር።

«ማማሰያው ይቅር አባባ። እርስዎ የጥንቱን ከተማ፣ ምሽጎቹን እየዞሩ ይዩ፤ ገንፎውን እማማ በኋላ ሄደው ያገነፉላታል።»

«እናቷማ አርፋለች» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ኮቱን አውጥተው በለበሱት ላይ ደረቡና ማማሰያውን መልሰው ከተቱ። ነቢላ እጃቸውን ልብ ብላ ያየችው ያን ጊዜ ነው። በገንፎ ፍንጣሪ ተለብልቧል፤ አንዳንዱ ቁስል ሽሯል፣ አንዳንዱ የትናንት ነው።